ተመራማሪው በማኅበራዊ ሚዲያ፦ ከመለያ ቁጥር እስከ መጀመሪያው መልእክት

አንድ የምርምር ውጤት ታትሞ ሲወጣ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ይወጣል፤ ተመራማሪው ሊንኩን በፌስቡክ ገጹ ይለጥፋል፤ ከሥሩ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ይዘንባል፤ ሊንኩን ከፍቶ ያነበበ ስለመኖሩ ግን የሚጠይቅ የለም። ደስታን መካፈል ክፉ አይደለም። ሆኖም ተመራማሪው በዚያ ልጥፍ ሥራውን ለማንም አላስረዳም፣ አዲስ ሰውም አላገኘም።

ይህ መመሪያ በዩኒቨርሲቲ፣ በግብርና ምርምር ማዕከል፣ በሆስፒታል ወይም በላቦራቶሪ እየሠሩ ሁለት ነገር ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አንደኛው ሥራቸው ለሚመለከተው ሰው እንዲደርስ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሙያቸው ካሉ ሌሎች ሰዎች ጋር እንዲተዋወቁ። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ መድረካቸውም ቋንቋቸውም ይለያያል። ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው ሁለቱን በአንድ ልጥፍ ለመጨረስ ሲሞከር ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዘን እንሂድ፦ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን የወባ ትንኝ። መነሻዋ እስያ ነው። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ በ2012 በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች። በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር መያያዙን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ እገልጻለሁ።) ለኅብረተሰቡ መነገር ያለበት፣ ግን በመጽሔት ቋንቋ ሊነገር የማይችል ግኝት ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

1. አንባቢዎን ለይተው ይወቁ

«ለሕዝብ» ተብሎ የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ለማንም ሳይሆን ይቀራል። ወረቀት ያውጡና ሥራዎ የሚመለከታቸውን ሰዎች ከነሥራቸውና ከነቦታቸው ይጻፉ። ለስቴፈንሲ ከሆነ ዝርዝሩ እንዲህ ይመስላል፦ ድሬዳዋ ውስጥ በግቢዋ በርሜል ውኃ የምታጠራቅም እናት፤ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፤ በጤና ቢሮ የወባ መከላከል ኃላፊ፤ ጤና የሚዘግብ ጋዜጠኛ፤ በጅቡቲ፣ በሱዳንና በህንድ ያሉ የነፍሳት ተመራማሪዎች።

አሁን ከእያንዳንዱ ሰው ጎን ሁለት ነገር ይጨምሩ፦ ይህ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ምን እንዲያደርግ ይፈልጋሉ? ስልኩን ሲከፍትስ መጀመሪያ የሚገባው የት ነው? እናቲቱ ክዳን እንድትገጥም ነው፤ ኃላፊው የቅኝት ዕቅዱን እንዲያይ ነው፤ የህንዱ ተመራማሪ ደግሞ የናሙና አወሳሰድ ዘዴዎን እንዲተች ነው። «እንዲያውቁት» ብቻ ብለው የጻፉበት ረድፍ ካለ ይሰርዙት፤ ገና አልታሰበበትም ማለት ነው።

ቋንቋም እዚሁ ይወሰናል። ለድሬዳዋ አማርኛ ብቻውን አይበቃም፤ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ያስፈልጋሉ። ትርጉሙን ለማሽን አይስጡ፤ ቋንቋውን በቤቱ የሚናገር የሥራ ባልደረባ ይለምኑና ስሙንም በልጥፉ ላይ ያመስግኑ።

2. ስምዎን አንድ ያድርጉ

ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሌላው በላይ በስም ይቸገራል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠራል፤ አንዱ መጽሔት በራስ ስም፣ ሌላው በአባት ስም ይጠቅሳል፤ «ወልደ»ና «ገብረ» ያለባቸው ስሞች አንዴ ተያይዘው፣ አንዴ ተለያይተው ይታተማሉ፤ «ፀ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ ሁሉ የየራሱ ዘዴ አለው። በዚህ ላይ በአንድ ፋኩልቲ ውስጥ ስማቸው እስከ አባት የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። ስለዚህ የአንድ ሰው ሥራ ሦስት ሰዎች የሠሩት መስሎ ይበተናል፤ የሁለት ሰዎች ደግሞ ተቀላቅሎ ይታያል። ጽሑፍዎን ወድዶ ሊያገኝዎት የሚፈልግ ሰው መንገዱ የሚጠፋበት እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው የኦርኪድ (ORCID) መለያ ቁጥር ነው። ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጥ ባለ16 አኃዝ ቁጥር ሲሆን፣ ስምዎ በየትኛውም አጻጻፍ ቢወጣ ሥራዎችዎን በአንድ ቦታ ይሰበስባል። ምዝገባው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ከተመዘገቡ በኋላ በኦርኪድ ገጽዎ ላይ ስምዎ እስካሁን የታተመባቸውን አጻጻፎች ሁሉ «ሌላ ስም» በሚለው ቦታ ያስገቡ። ከዚያ አንዱን አጻጻፍ ይምረጡና ከዛሬ ጀምሮ በመጽሔትም፣ በሊንክድኢንም፣ በኤክስም (በቀድሞው ትዊተር) በዚያው ብቻ ይቀጥሉ። ቀጥሎ የምርምር ጽሑፎችን በሚዘረዝረው በጉግል ስኮላር ላይ ገጽ ይክፈቱ። ጉግል በራሱ ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ እየጨመረ ስለሚያስቸግር ራስ ሰር ማከሉን ያጥፉና «ስጠየቅ አጸድቃለሁ» የሚለውን ይምረጡ። የሞክሼዎን ጽሑፎች ይዞ መገኘት የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ሲታይም ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

ስለ ራስዎ የሚጽፉት አጭር መግለጫ የማዕረግ ዝርዝር አይሁን። ምን እንደሚያጠኑ፣ የት እንዳሉና ሰው በምን ጉዳይ ሊያናግርዎት እንደሚችል ይናገር፦ «የነፍሳት ተመራማሪ ነኝ። በከተማ የምትራባ የወባ ትንኝን አጠናለሁ። ድሬዳዋ። የመስክ መረጃ ለመለዋወጥ ዝግጁ ነኝ።» ፎቶው ፊትዎን ያሳይ፤ በምረቃ ጋዋን የተነሡትን ለሳሎን ይተዉት።

«የምጽፈው የግል አስተያየቴን ነው» የሚል ሐረግ ብዙዎች ይጨምራሉ። መጨመሩ አይጎዳም፤ ነገር ግን ጋሻ ነው ብለው አይመኑበት። መሥሪያ ቤትዎ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የተጻፈ ደንብ እንዳለው የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን ቀድመው ይጠይቁ።

አካውንቱን የሚከፍቱት በግል ኢሜይልዎ ይሁን። ከመሥሪያ ቤት ሲለቁ ኢሜይሉ ይዘጋል፤ አካውንቱም አብሮ ይሄዳል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ። በቴሌግራም «ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ?» የሚለውን «ማንም» ላይ ያድርጉት።

3. ሁለት መድረክ ይምረጡ

ሁሉም ቦታ ልገኝ ያለ ሰው በሦስተኛው ወር የትም አይገኝም። አንዱን ለአገር ውስጥ አንባቢ፣ አንዱን ለሙያ ጓደኞች ይያዙ።

ለአገር ውስጥ አንባቢ ቴሌግራም ቀዳሚ ነው። ተማሪው፣ ጤና ባለሙያውና የወረዳው ሠራተኛ እዚያ አለ፤ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበትም ይሠራል። ቻናልና ግሩፕ ግን አይምታቱ። ቻናል እርስዎ የሚጽፉበት፣ ሌላው የሚያነብበት ነው፤ ግሩፕ ሁሉም የሚናገርበት ነው። ቻናል ከፍተው የውይይት ግሩፕ ቢያያይዙለት ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር አስተያየት መቀበል ይቻላል። ጽሑፍ ብቻውን እስከ 4096 ፊደል ይይዛል፤ ከፎቶ ጋር ሲሆን ግን 1024 ላይ ይቆማል። ግራፍ ሲልኩ እንደ ፎቶ ከላኩት ተጨምቆ ቁጥሮቹ ይደበዝዛሉ፤ እንደ ፋይል ይላኩት።

ፌስቡክ በዕድሜ ጠና ያለውን አንባቢ፣ ጋዜጠኛውንና በውጭ የሚኖረውን ወገን ያመጣል። የሠርግ ፎቶ ካለበት የግል አካውንት ለይተው ለሥራዎ ራሱን የቻለ ገጽ ይክፈቱ።

ለሙያ ጓደኞች ምርጫው እንደየዘርፉ ነው። በ2022 ትዊተር ባለቤት ከለወጠ፣ በ2023ም ስሙ ኤክስ ከሆነ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ብሉስካይ ሄደዋል። ብሉስካይ በ2024 መጀመሪያ ላይ ያለ ግብዣ ለሁሉም ተከፍቷል። በግብርና፣ በምሕንድስናና በጤና ፕሮጀክቶች ዙሪያ ያሉ ሰዎችን ሊንክድኢን ላይ ማግኘት ይቀላል። የሚያደንቋቸውን አሥር ተመራማሪዎች ስም ይፈልጉና በቅርብ ወራት የጻፉበትን መድረክ ይዩ፤ እርስዎም እዚያ ይክፈቱ። ሪሰርችጌት ጽሑፍ ለማስቀመጥና ቅጂ ለመጠየቅ ጥሩ ነው፤ ጨዋታ ግን የለበትም።

በኤክስ በአማርኛ ለሚጽፉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ነፃው አካውንት 280 ፊደል ይፈቅዳል ይባላል፤ ነገር ግን አቆጣጠሩ ለላቲን ፊደል አንድ፣ ለእኛ ፊደል ደግሞ ሁለት ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጽፉ ያለዎት 140 ገደማ ብቻ ነው፤ ሊንክ ካስገቡ ደግሞ ከ280ው ላይ 23 ይቀነሳል። በቃል ቢመነዘር ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ብሉስካይ 300 ፊደል ሲፈቅድ የእኛንም አንዱን እንደ አንድ ይቆጥራል። ስለዚህ በኤክስ አማርኛ ከጻፉ ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቋጩና ቀሪውን በተከታታይ ልጥፍ ያስከትሉ።

ቲክቶክና ዩቲዩብን የተውኳቸው ስለማይጠቅሙ አይደለም። ካሜራ ፊት ዘና የሚሉ ከሆነ ከጽሑፍ በላይ ብዙ ሰው ያደርሳሉ። ቪዲዮ ግን ቀረጻና ቅንብር ይፈልጋል፤ በጎን የሚሠራ ሥራ አይደለም። የተመልካችንም የሞባይል ካርድ ስለሚበላ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባያልፍ ይመረጣል።

4. ልጥፉን መጻፍ

የመጽሔት ጽሑፍ ከመነሻው ተነሥቶ፣ ዘዴውን አልፎ ወደ ውጤቱ ይደርሳል። ልጥፍ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። የስቴፈንሲን ግኝት እንደ መጽሔት ብንጽፈው «በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች የወራሪ ዝርያ መስፋፋት ከወባ ሥርጭት ጋር ያለውን ዝምድና የሚዳስስ ጥናት» ይሆናል። ስሕተት የለበትም፤ የሚያነብበው ግን የለም። ለቴሌግራም እንዲህ ይጻፍ፦

«ወባ የቆላና የክረምት በሽታ ነው ብለን ለምደናል። አሁን ግን ከተማ ውስጥ የምትራባ፣ በደረቅ ወቅትም የማትጠፋ የወባ ትንኝ መጥታለች። እንቁላሏን የምትጥለው ውኃ ባጠራቀምንበት በርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዛሬ የበርሜልዎንና የሮቶዎን ክዳን ይዩ፤ ካልገጠመ ወይም ከሌለ ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ሸፍነው ዙሪያውን በገመድ ይሰሩት። ትኩሳት ከተሰማዎት ‹ክረምት አይደለም› ብለው አይዘናጉ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንባቢው የሚያምነውን ይዞ ይነሣል፤ ሁለተኛው ያፈርሰዋል። ሰው ቆም ብሎ የሚያነብበው የሚያውቀው ነገር ሲነካበት ነው። «ሰው ሠራሽ የውኃ ማቆሪያ» ከማለት «ሮቶ» ማለት ይሻላል፤ ገዝቶ ጣሪያው ላይ የሰቀለው ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነውና። የዝርያው የሳይንስ ስም ደግሞ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ጭራሽ አልገባም። ከመጨረሻ፣ ከምንጩ ጋር ይመጣል።

ከዚያ በታች ሦስት አጫጭር መስመሮች ይጨምሩ። በመጀመሪያው ጥናቱ የት፣ መቼና በማን እንደተሠራ ይግለጹ። በሁለተኛው ጥናቱ ያላየውን ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ጥናቱ የተሠራው በአንድ ከተማ ነው፤ በሌሎች ከተሞች ያለውን ሁኔታ አያሳይም»። ይህችን መስመር ብዙዎች ይፈሯታል። እኔ ግን ተመራማሪን ከአዋቂ ነኝ ባይ የምትለየው እርሷ ናት ባይ ነኝ፤ ጋዜጠኛም ዜናውን ሲያጋንን እያነሡ የሚያሳዩት ማስረጃ ትሆንዎታለች። በሦስተኛው የጽሑፉን የዲ.ኦ.አይ. (ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ መለያ) ሊንክ ያስገቡ። የመጽሔቱ ገጽ አድራሻ ሊቀየር ይችላል፤ ዲ.ኦ.አይ. ግን ጽሑፉ ወደ ሄደበት ይከተለዋል። በማኅበራዊ ሚዲያ ስንቴ እንደተጠቀሰ የሚቆጥሩት ድርጅቶችም የሚከተሉት እንዲህ ያለውን ሊንክ ስለሆነ ያለ ሊንክ የተጻፈ ልጥፍ ላይቆጠርልዎት ይችላል።

ቁጥር ሲያስገቡ በመቶኛ ብቻ አይተዉት። «አደጋው በእጥፍ ይጨምራል» የሚለው ከአንድ ሺህ ሰው አንድ የነበረው ሁለት ሆነ ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ ሠላሳ የነበረው ስድሳ ሆነ ማለትም ሊሆን ይችላል። ከስንት ሰው ስንት እንደሆነ ይጻፉ።

ግራፉን ከመጽሔቱ ቆርጠው አይለጥፉ። በስልክ ስክሪን አይነበብም። አንድ ሐሳብ ብቻ የሚያሳይ አዲስ ሥዕል ይሥሩ፤ ጽሑፉ በአማርኛና በትልቁ ይሁን፤ ስምዎንና ዓመቱን ጥግ ላይ ያስገቡ፤ ሥዕሉ ተነጥሎ መዞሩ አይቀርምና። ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች መድረኩ የሚፈቅድ ከሆነ ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ በቃላት ይግለጹ።

ጽፈው ሲጨርሱ ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ያስነብቡ። «ገባህ?» ብለው ግን አይጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ምን አድርግ ይላል?» ይበሉት።

5. ከመለጠፍዎ በፊት

የመጀመሪያው ማጣሪያ የመጽሔቱ ዕግድ ነው። ትልልቆቹ መጽሔቶች ግኝቱ ከተወሰነ ቀንና ሰዓት በፊት እንዳይነገር ይከለክላሉ፤ የሰዓት ልዩነቱን በእኛ ሰዓት አስልተው ይያዙ። ሁለተኛው አብረውዎት የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ በተለይ ተማሪው። የመስክ ሥራውን የሠራው ተማሪ ዜናውን ከፌስቡክ ከሰማ ነገሩ ተበላሽቷል። ስማቸውን ይጥቀሱ፤ ከተቻለም መጀመሪያ እነርሱ እንዲለጥፉ ዕድል ይስጡ።

የመጽሔቱን ፒ.ዲ.ኤፍ. በቴሌግራም መልቀቅ የተለመደ ቢሆንም የቅጂ መብቱ የአሳታሚው ከሆነ ሕገወጥ ነው። በ2017 ሁለት ትልልቅ አሳታሚዎች ሪሰርችጌትን በጀርመን ፍርድ ቤት የከሰሱት በዚሁ ጉዳይ ነበር። ጽሑፉ በክፍት ፈቃድ የወጣ ከሆነ ችግር የለም። ካልሆነ ብዙ መጽሔቶች የተቀበሉትን የመጨረሻ ረቂቅ በተቋም ማከማቻ እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳሉ፤ ሊንኩን ወደዚያ ያድርጉ። የሚጠይቅዎትን ሰው በግል ኢሜይል ቅጂ መላክ ደግሞ ከጥንትም የነበረ ወግ ነው።

ገና በአቻ (በሌሎች የሙያው ሰዎች) ያልተገመገመ ሥራ ከሆነ በመጀመሪያው መስመር ይናገሩ። በመጨረሻው መስመር የተጻፈውን ማንም አያየውም።

የታካሚ ፎቶ፣ ፊቱ ቢሸፈንም፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይለጠፍም። በትንሽ ከተማ «የ34 ዓመት ሴት፣ መምህርት» ማለት ስም እንደ መጥራት ነው። አገሪቱም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016፣ በእኛ አቆጣጠር) አላት። ለታካሚው የተባለው ለቦታም ይሠራል፤ የቅሪተ አካል መገኛን፣ ብርቅዬ ዕፅዋትንና እንስሳትን የሚያጠኑ ሰዎች ፎቶው ውስጥ የተቀመጠውን የቦታ መጠቆሚያ ሳያጠፉ አይለጥፉ፤ ሌባና አዳኝም ኢንተርኔት ይጠቀማል። በግምገማ ላይ ሆነው ያነበቡትን የሌላ ሰው ረቂቅ ደግሞ በፍንጭ እንኳ አያንሡት።

6. ሰው ማግኘት

ብዙዎች ተከታይ በመሰብሰብና በመተዋወቅ መካከል ያለውን ልዩነት አይለዩም። አሥር ሺህ ተከታይ ይዞ የሥራውን ዘዴ የሚወያይበት ሰው የሌለው ተመራማሪ አለ፤ በሁለት መቶ ተከታይ ከአራት አገር ጋር አብሮ የሚሠራም አለ።

ልጥፍ ወደ ኅብረት ሲያድግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ በ2016 ባርሴሎና ላይ በተካሄደ ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ተገኘች። በሺዎች ከሚቆጠሩት ተሳታፊዎች መካከል የቆጠረቻቸው ጥቁሮች ስድስት ነበሩ። ያየችውን በፌስቡክ ጻፈች። በ2017 ደግሞ እርሷና ሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ረድኤት አበበ፣ ብላክ ኢን ኤአይ (ጥቁሮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተባለውን ስብስብ መሠረቱ። ስብስቡ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ዐውደ ጥናቱን አካሄደ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች አባላት አሉት። በልጥፉ ውስጥ ተመራማሪዋ ራሷን አላስተዋወቀችም፤ ሌሎችም የሚያዩትን ግን ያልቆጠሩትን ነገር ቆጥራ ተናገረች።

ፍጥነቱን ለማየት ደግሞ ኮቪድ ይበቃል። በጃንዋሪ 2020 በቻይናዊው ዣንግ ዮንግዠን ቡድን የተነበበው የቫይረሱ የዘረመል ቅደም ተከተል በኢንተርኔት መለቀቁን ለዓለም ያበሰረው አውስትራሊያ የሚሠራው ኤድዋርድ ሆምስ በትዊተር ነው። የምርመራና የክትባት ሥራ በሌሎች አገሮች ላቦራቶሪዎች ወዲያው ተጀመረ።

ለእኛ የሚሆነው መንገድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ወር ከመጻፍ ይልቅ ያንብቡ። በዘርፍዎ ያሉ ሠላሳ ሰዎችን ይከተሉ፤ ሁሉም ፕሮፌሰሮች አይሁኑ። የዶክትሬት ተማሪው ጊዜም ፍላጎትም አለው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ እርሱም ፕሮፌሰር ነው። በሁለተኛው ወር በጽሑፎቻቸው ሥር ፍሬ ያለው ነገር ይጻፉ። «ግሩም ሥራ!» ፍሬ አይደለም፤ «በእኛ አካባቢ ይህ እጭ በሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥም ተገኝቷል፤ እናንተ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ግን ፍሬ ነው። እኛ ያለን፣ እነርሱ የሌላቸው ነገር የመስኩ ዕውቀት ነው።

ከዚያ በግል ይጻፉ። በአገራችን ወጣት ተመራማሪዎች ወደ ውጭ የሚልኩት መልእክት አብዛኛው «ሰላም፣ ስኮላርሺፕ ካለ ይተባበሩኝ» የሚል ነው፤ ለዚህም መልስ የለም። ይልቅ እንዲህ ይጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በውኃ ማጠራቀሚያዎች ላይ ያሳተሙትን ጽሑፍ አነበብሁ። እኔ ጅግጅጋ ላይ የእጭ ናሙና እሰበስባለሁ። ናሙና በየስንት ቀኑ እንደወሰዳችሁ ተገልጿል፤ ዝናብ በጣለበት ሳምንት ግን ምን እንዳደረጋችሁ አላገኘሁም። በሁለት መስመር ቢመልሱልኝ የመስክ ቅጼን አስተካክልበታለሁ።»

መልእክቱ የሚመለስ ጥያቄ አለው፤ ላኪው ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል፤ የሚጠይቀውም ትንሽ ነገር ነው። ስኮላርሺፕ የሚመጣ ከሆነ ከአምስተኛው መልእክት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሳቸው በኩል ነው። ውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ምሁር ከሆነ በአማርኛ ይጻፉ፤ አንቱታውንም እርሱ ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል ድረስ አይተዉ። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ።

ሰዓትም ይመረጣል። በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተለጠፈ ነገር ዋሽንግተን የሚደርሰው በእነርሱ ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው፤ አውሮፓም ገና አልተኛም። ለአገር ውስጥ የጤና ባለሙያ ግን ጠዋት ሥራ ሳይገባ ወይም ከምሳ በኋላ ይሻላል።

ጉባኤ ላይ ከሆኑ የተናጋሪውን ስም ጠቅሰው ከእያንዳንዱ ገለጻ አንድ ሐሳብ ይጻፉ። ስላይድ ፎቶ ማንሣት የሚቻለው ከተፈቀደ ብቻ ነው። ጉባኤው ላይ መገኘት ያልቻሉ ሰዎች በዚያ ጽሑፍ ያውቁዎታል፤ ተናጋሪውም ብዙ ጊዜ ራሱ መጥቶ ሰላም ይልዎታል።

አንድ ወጥመድ አለ። የሊንክድኢን ገጽዎ በታየ ማግሥት «ድንቅ ሥራዎን በመጽሔታችን ያሳትሙ» የሚሉ መልእክቶች ይጎርፋሉ። በሳምንት ውስጥ አትመን እናወጣለን፣ ገንዘቡን ቀድመው ይላኩ የሚል ሁሉ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው።

7. አስተያየት ሲመጣ

የሙያ ትችትን በደስታ ይቀበሉ፤ ነፃ ግምገማ ነው። በ2010 በካሊፎርኒያ ሞኖ ሐይቅ የተገኘ ባክቴሪያ በፎስፈረስ ፋንታ አርሴኒክ ይጠቀማል የሚል ጽሑፍ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ ካናዳዊቷ የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ሮዚ ሬድፊልድ ስሕተቱን በቀናት ውስጥ በኢንተርኔት በዝርዝር ጻፈች። መጽሔቱ ጽሑፉን የሰረዘው በ2025 ነው። ትችት ከጆርናል ውጭ ስለመጣ ዋጋው አይቀንስም። ትክክል ከሆነ «ልክ ነዎት፣ አስተካክያለሁ» ይበሉ፤ የቀድሞውን ልጥፍ ዝም ብለው ከማጥፋት እርማቱን ከላይ በቀን ይጻፉ።

በአገራችን ግን የትንኝ ልጥፍም ቢሆን ከአሥረኛው አስተያየት በኋላ ወደ ብሔር ጉዳይ ሊዞር ይችላል። ገጽዎ ላይ አስቀድመው ደንብ ይስቀሉ፦ «ስለ ጥናቱ ጥያቄ እመልሳለሁ፤ ስድብና ዘር ነክ ንግግር ይሰረዛል።» ከዚያ ሳይከራከሩ ይሰርዙ። ለተሳሳተ ግን ለቅን ጥያቄ አንድ ጊዜ በትሕትና፣ ሁለተኛ ጊዜ በሊንክ ይመልሱ፤ ሦስተኛ የለም። ማስፈራሪያ ከመጣ መጀመሪያ ስክሪንሾት ይውሰዱ፣ ቀጥሎ ያግዱ፣ ለመሥሪያ ቤትዎም በጽሑፍ ያሳውቁ። ሴት ተመራማሪዎች ላይ ይህ ይበዛልና አስተያየቶቹን ለጊዜው የሚያነብ ባልደረባ ቢመደብ ሸክሙ ይቀልላል።

በስምዎ የውሸት ቴሌግራም ከፍቶ ገንዘብ የሚለምን ሰው ካገኙ በዋናው ቻናልዎ ያስታውቁና ተከታዮችዎ ለቴሌግራም እንዲያመለክቱ ይጠይቁ።

8. መመዝገብና ማስቀመጥ

በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይመድቡ። ልጥፍዎን የወደዱ ሰዎችን ቁጥር ይተዉትና ሌሎች ነገሮችን ይመዝግቡ፦ ጥያቄ የላከ ሰው፣ ጽሑፍ የጠየቀ፣ ቃለ መጠይቅ የፈለገ ጋዜጠኛ፣ ከወረዳ የደወለ ባለሙያ፣ አብረን እንሥራ ያለ ተመራማሪ። ቀን፣ ስም፣ ከየትኛው ልጥፍ እንደመጣ። ለደረጃ ዕድገት ወይም ለድጋፍ ሰጪ ተቋም ሪፖርት ሲጽፉ የሚያገለግልዎት ይህ መዝገብ ነው። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ሰው ያላመጣ መድረክ ካለ ይዝጉት።

አድራሻዎችን በኢሜይል ዝርዝር መያዝን አይርሱ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 በእኛ አቆጣጠር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ነበር፤ አንባቢዎቻቸውን በቴሌግራም ብቻ የያዙ ሰዎች ለወራት ተለያዩ። በቻናልዎ ላይ በየጊዜው «በኢሜይል መቀበል የምትፈልጉ አድራሻችሁን ላኩ» ይበሉ።

በዓመት አንድ ጊዜ የጻፉትን ሁሉ አውርደው ያስቀምጡ። ፌስቡክ፣ ኤክስና ሊንክድኢን በማስተካከያ ገጻቸው የራስዎን መረጃ ቅጂ ይሰጣሉ፤ ቴሌግራም ደግሞ በኮምፒውተር መተግበሪያው የቻናል ታሪክ ማውጫ አለው።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቻናሉን ጥለው አይሂዱ። ጥናቱ መቼ እንደተጠናቀቀ፣ መረጃው የት እንደተቀመጠና ከአሁን በኋላ ጥያቄ የሚመልሰው ማን እንደሆነ የሚገልጽ ልጥፍ ጽፈው ከላይ ይሰኩት። ከእርስዎ ሌላ ቢያንስ አንድ የቡድኑን አባል አስተዳዳሪ ያድርጉ።